አያ ዝሆኔን የት አደረግከው?

ነገር ይዞ የሚመጣ ሁልጊዜ ባዳ አይደለም። ለጥርስ ሐኪሟ ነገሩን ይዘውላት የመጡት የገዛ እናቷ ናቸው፤ ያውም ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ የመጨረሻው ታካሚ የደነዘዘ ከንፈሩን በመሐረብ ደግፎ እስኪወጣ ጠብቀው። ክሊኒኩ ያለበት ሕንፃ የእናትየው ስለሆነ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ባለሕንፃዋ ነው የሚላቸው። ባለሕንፃዋ ታካሚ የሚተኛበት ወንበር ጠርዝ ላይ አረፍ አሉ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አደላደሉና ሰላምታ ሳያስቀድሙ፣

«ያ ሎጋው የሚሉት ሰውዬ ምን ሠርቶ እንደሚበላ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?» አሏት።

ሐኪሟ እጇን እየታጠበች ነበር። ቀና አላለችም። ስለዚህ ሰው ለእናቷ ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ለልጇም ቢሆን አላሳየችውም። ቁመቱ ዘለግ ያለ ስለሆነ የሥራ ጓደኞቹ ሎጋው ይሉታል፤ እሷም በዚያው ለምዳ ሎጋው ትለዋለች። ክረምቱን ሙሉ ሲገናኙ የኖሩት ዘመድ በማያልፍበት መንገድ፣ ሰው በማይበዛበት ሻይ ቤት ነው።

«በልጆች መዝናኛው ውስጥ ነው የሚሠራው» አለች በመጨረሻ። «ማሽን ይጠግናል መሰለኝ።»

«ማሽን ቢጠግንማ ምን ገዶኝ» አሉ ባለሕንፃዋ። «ዝሆኑ እሱ ነው።»

ሾፌራቸው ሁለቱ ከሻይ ቤት ሲወጡ አይቶ ሰውየውን ተከታትሎታል። በሠራተኛ መግቢያው በኩል የዝሆኑን ጭንቅላት እንደ ቅርጫት ትከሻው ላይ አድርጎ ሲገባ ደርሶበታል።

ይህ ለሌላ ሰው ቀልድ ነው። ለሐኪሟ ግን አልነበረም። የሐኪሟ ልጅ፣ የፊት ጥርሶቿ ከወለቁ ወዲህ ፍንጭት የሚሏት፣ አባቷ የሞተው ገና መልኩን እንኳ በቅጡ ሳትለየው ነው። ከሰው ጋር ብዙ አታወራም። አስተማሪዋ ትጠይቃታለች፣ አያቷ ይቆጧታል፤ እሷ ጣቷን እየቆጠረች ዝም ነው። ቅዳሜ ሲደርስ ግን ወደ መዝናኛው ትሄድና ያንን ግራጫ፣ ጆሮው ሁለት ትራስ የሚያክል፣ ሁለት እግሩ ላይ ቆሞ የሚሄድ አያ ዝሆኔን አንገቱን አቅፋ የሳምንቱን ሁሉ በጆሮው ታንሾካሹካለታለች። ለምን መልስ አይሰጥሽም ሲሏት፣ እሱ የሚሰማ ነው እንጂ የሚያወራ አይደለም ትላለች። ሐኪሟም አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትጠብቃታለች።

ሎጋው ደግሞ ወደ ክሊኒኩ የመጣው ጉንጩ አብጦ፣ መንጋጋው ሰላም ነስቶት ነው። ጥርሱ ሲነቀል አልጮኸም። በሳምንቱ ሊያመሰግን መጣ፣ ከዚያ ሳያመሰግንም መጣ። ገና ብዙ ሳይላመዱ አንድ ቀን፣ «መታጠቢያ ቤት ገብተሽ ውሃ ከፍተሽ አታልቅሺ። ሲብስብሽ ለኔ ደውዪ» አላት። ያንን የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ አለ ብላ አታስብም ነበር። ይሄ ሰው ልቤን አነበበው አለችና ከዚያች ቀን ወዲህ ልቧን ለእሱ ተወችለት።

አሁን ማን እንዳነበበለት ገባት። በዚያ ቤት ውስጥ ያንን ውሃ ከበር ኋላ ቆማ የምትሰማ አንዲት ልጅ ብቻ ነች።

«ከልጅ አፍ እየለቀመ ነው ያጠመደሽ» አሉ ባለሕንፃዋ ተነሥተው ቀሚሳቸውን እያራገፉ። «የምትወጂውን፣ የምትፈሪውን፣ የት እንደሚያምሽ። ይሄን ሕንፃም ከሷው ሰምቶት ይሆናል።»

እናትየው ከሄዱ በኋላ ሐኪሟ ውሃውን ዘጋች። ዓመት ሙሉ ልብሷን ስትለውጥ በመስኮት ሰው ሲያያት እንደኖረ አሁን የተነገራት ያህል፣ ገላዋን የምትሸፍንበት አጣች።

*

መዝናኛው በር ላይ ሲደርሱ ፍንጭት የእናቷን እጅ ለቃ ሮጠች። አያ ዝሆኔ ከሚሽከረከሩት ፈረሶች አጠገብ ቆሞ፣ ልጆች እግሩን ተጠምጥመውበት፣ እናቶች ስልካቸውን ደቅነው ፎቶ ያነሱታል። አጠገቡ ቢጫ ሰደርያ የለበሰች አጃቢ አለች፤ ልጆቹን ተራ ታስይዛለች፣ እሱንም እየመራች ታሳልፈዋለች፤ በአፉ ቀዳዳ ብቻ ስለሚያይ እግሩ ሥር ያለውን አያውቅማ። የዚያ ቤት ደንብ የታወቀ ነው። ልብሱን የለበሰ ሰው አይናገርም፤ ልጅ ባለበትም ጭንቅላቱን አያወልቅም።

ፍንጭትን ሲያይ ተንበረከከላት። እሷም አንገቱን አቅፋ ጀመረች። ሌላ ቅዳሜ ቢሆን ሐኪሟ ይህን ስታይ አንጀቷ ይርስ ነበር። ዛሬ ግን የታያት ልጇ የቤታቸውን ገመና በገዛ እጇ ለሌባ ስታቀብል ነው። ቀረበችና ልጅቷን በክንዷ ይዛ ሳበቻት።

«አውቄሃለሁ» አለችው።

ዝሆኑ ቀስ ብሎ ቆመ።

«ከኔ ጋር ስትቀመጥ የምትነግረኝ ሁሉ ከየት እንደሚመጣ አወቅኩ። እኔ ሰው የወደደኝ መስሎኝ፣ ለካ ልጄን የሚሰልል ኖሯል።»

ትልቁን ጓንቱን አነሣ። ወደ ልጆቹ አመለከተ፣ ከዚያ ወደ ሠራተኞች በር አመለከተ፣ ደግሞ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። እዚህ አይሆንም፣ እባክሽ እዚያ እንነጋገር ማለቱ ነበር። እሷ ግን እጁን አላየችም፤ ያየችው ፊቱን ነው። የዝሆኑ ፊት ሁልጊዜ ይስቃል። በክር ተሰፍቶ የተቀመጠ ሳቅ ነው፤ ሲሰድቡትም ይስቃል፣ ሲለምኑትም ይስቃል። ደሟ ፈላ።

«አውልቀውና መልስልኝ» አለች።

ግዙፉ ራስ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተወዛወዘ።

«አፍ የለህም? ለኔ ሲሆን እንዲያ የሚጣፍጥ አፍ ነበረህ እኮ።»

ከውስጥ የተሰማው ትንፋሹ ብቻ ነው። አጃቢዋ መሀል ገብታ፣ እመቤቴ እባክዎ ልጆች አሉ ብላ ብትለምናትም አልሰማቻትም። ዝምታው ንቀት መሰላት። እነዚያን ሁለት ትራስ የሚያካክሉ ጆሮዎች ግራና ቀኝ ያዘችና ባላት አቅም ወደ ላይ ጎተተች። አንገቱ ሥር ያለው መያዣ ተበጠሰ። ጭንቅላቱ ወልቆ እጇ ላይ ቀረ፣ ከበዳትና መሬት ወደቀ።

ሎጋው ብርሃኑ ወግቶት ዓይኑን አጠበበ። ግንባሩ ላይ ያሰረው ፎጣ በላብ ረጥቦ ፀጉሩ ከቆዳው ጋር ተጣብቋል። ከአንገቱ በላይ ሰው፣ ከአንገቱ በታች ዝሆን ሆኖ ቆመ። ከልጆቹ አንዱ በሳቅ ፈነዳ፤ ሌላዋ ዋይ ብላ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ገባች። ሎጋው ሐኪሟን አላያትም። ወደ ታች ነው ያየው፤ ወደ ልጅቷ።

ፍንጭት አላለቀሰችም። ሄዳ መሬት የወደቀው ጭንቅላት አጠገብ ተንበረከከች፣ የራሷን ራስ ወደ ውስጥ አስገባችና፣ «አያ ዝሆኔ» ብላ ተጣራች። ጆሮዋን ሰጥታ ጠበቀች። ደግማ ተጣራች። ከዚያ ብድግ ብላ፣ ልብሷን እንኳ ሳታራግፍ፣ ሎጋው ፊት መጥታ ቆመች።

«የት አደረግከው?»

ሎጋው ጓንቱን አውልቆ ራሷን ሊዳብሳት እጁን ዘረጋ።

«በላኸው» አለችና፣ በዚያ ባልተሟላ ጥርሷ የተዘረጋውን እጅ ነከሰችው።

እጁን አልሳበም። እስክትለቀው ጠበቃት። አጃቢዋ ጭንቅላቱን ከመሬት አንሥታ አቅፋ ትሮጣለች፣ ከወዲያ ኃላፊው እየመጣ ነው፣ ሰዉ ይንጫጫል። ሐኪሟ እንደሚሰማት የጠበቀችው የድል ስሜት አልመጣም። ጣቶቿ መሀል ከጆሮው የተነጨ ግራጫ ጸጉር ቀርቷል፤ እሱን እያየች፣ ፀሐይ አናቷ ላይ ቆማ፣ በረዳት።

*

ማታ ገበታ ላይ ፍንጭት አልበላ አለች። አያቷ ምን ሆንሽ ሲሏት፣ አንድ ሰውዬ አያ ዝሆኔን እንደበላው በቁም ነገር ነገረቻቸው። ባለሕንፃዋ ማንኪያቸውን አስቀምጠው፣ ዝሆን የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ለደሞዝ ሲል ያንን የሚለብስ ወሮበላ እንደሆነና እሱም ዛሬውኑ ከሥራ እንደተባረረ ዘርዝረው አስረዷት። ልጅቷ እስኪጨርሱ አዳመጠቻቸውና፣

«አያ ዝሆኔማ አለ» አለች። «እኔ እየነገርኩት ይሰማኝ ነበር። አሁን የነገርኩት ሁሉ እዚያ ሰውዬ ሆድ ውስጥ ነው ያለው። ይመልስልኝ።» ብላ ከወንበሯ ወርዳ ወደ መኝታዋ ሄደች።

ሐኪሟ እንደተቀመጠች ቀረች። ድንገት ስንት ዘመን ያላሰበችው ቀን ፊቷ ድቅን አለ። ልክ ፍንጭትን በምታክልበት ጊዜ፣ አዲስ ሱቅ ሲመረቅ፣ በር ላይ የቆመ ነጭ ጥንቸል ከረሜላ ሰጥቷት ነበር። ጭኑን አቅፋ አልለቅም ብላ ስታስቸግር እናቷ ሰውየውን ጠሩትና፣ ልጄ በከንቱ ነገር እንድታምን አልፈልግም፣ አውልቀህ አሳያት አሉት። አወለቀ። የሱቁ ዘበኛ ነበር። ሰውየው ያን ጊዜ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ እንዴት እንዳፈረ፣ እሷም ከዚያ በኋላ ሰው ደግ ነገር ሲነግራት ከበስተኋላው ምን አለ ብላ መፈለግ እንደጀመረች፣ አሁን ነው የታወቃት።

«እማዬ፣ ያንን ጥንቸል ታስታውሺዋለሽ?» አለች።

«ምን ይረሳኛል» አሉ ባለሕንፃዋ ወጥ እየጨመሩ። «ያን ዕለት ነው ሰው ያደረግኩሽ። ዛሬ አንቺም የልጅሽን ዓይን ገለጥሽላት። ደግ አደረግሽ።»

በሕይወቷ ሙሉ የእናቷን ምርቃት ስትናፍቅ የኖረች ሴት ናት። ዛሬ አገኘችው፤ ሳህኗን ገፍታ ተነሣች።

*

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ሐኪሟ የምትለቅመው የት እንዳለ ለማወቅ ሰንብታለች፤ ስልኩን አያነሣም፣ መልእክት ብትልክለት አይመልስም። በኋላ ያቺ አጃቢ ፊቷን አጥቁራም ቢሆን ነገረቻት። ሎጋው አንድ ጓደኛው ሶፋ ከሚሠራበት ቤት ስፖንጅ እየቆረጠ ነው።

ስትገባ ረጅም ቢላዋ ይዞ ስፖንጅ እየከፈለ ነበር። ቅንድቡ ላይ ሳይቀር ቢጫ ብናኝ ሰፍሮበታል። እጁ ላይ የፍንጭት ጥርስ ምልክት አሁንም ይታያል።

«ሶፋ ልታዝዢ ከሆነ ባለቤቱ ምሳ ወጥቷል» አላት ሳያቆም።

ስለ ልጅቷ እንደመጣች ነገረችው። ቢላዋው ትንሽ ዘገየ እንጂ አልቆመም። ይቅርታ ለመጠየቅ ተዘጋጅታ የመጣች ሴት፣ ያ አጎንብሶ የቀረ አንገት ሲያናድዳት፣ ከአፏ የወጣው ወቀሳ ሆነ። እኔ መሆኔን እያወቅክ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ እያየኸኝ፣ ለምን አልነገርከኝም አለችው።

«ልነግርሽ ነበር ብዬ አልዋሽም» አለ። «ፈራሁ። ዝሆን ነኝ ብሎ ሴት የሚያማልል ወንድ አለ? ወደ ክሊኒክሽም የመጣሁት ልጅሽ እናቴ ሳታሳምም ትነቅላለች ስላለችኝና እውነት ጥርሴን ስላመመኝ ነው። ከነገረችኝ ሁሉ አንዷ ብቻ ናት ያመለጠችኝ፤ የውሃዋ። እሷን ሰምቼ መቻል አቃተኝ። በእሷ ጥፋተኛ ነኝ።»

«ታዲያ ያን ዕለት እንዲህ ብትለኝ ምን ነበረበት? አንዲት ቃል ብትተነፍስ ኖሮ...»

«ልጅቷ ቆማለች እኮ።» አሁን ቢላዋውን አስቀመጠው። «ሳወራ ብትሰማኝ ምን ትሆን ነበር? ዝም ብዬ የተሰደብኩት ለሷ ብዬ ነው። አንቺ ደግሞ ለራስሽ ብለሽ...» አልጨረሰውም።

«እናቴ መርዝ ግታኝ ነው የመጣሁት።»

«እናትሽን ተያቸው። የዝሆኑን ጭንቅላት እሳቸው አላወለቁትም።»

ሐኪሟ ከስፖንጁ ክምር ላይ ቁጭ አለች። ቢሆንም ደብቀኸኛል፣ ክረምቱን ሙሉ ደብቀኸኛል ስትል ድምጿ ቀጠነ።

«ደብቄሻለሁ» አለ ሎጋው። «አንቺስ? ዘመድ ከሩቅ ሲታይሽ እጄን ስትለቂ አላየሁም መሰለሽ? ከሰፈርሽ ሳንደርስ ከታክሲ ስታስወርጂኝ አልገባኝም መሰለሽ? እኔ የደበቅኩት ሥራዬን ነው። አንቺ የደበቅሽው እኔን ነው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ወቀሳዋን መመለስ አልቻለችም። ስለዚህ ልጅቷ ያለችውን ብቻ ነገረችው፤ አያ ዝሆኔን እንደበላህ ታምናለች፣ የነገርኩት ሁሉ እሱ ሆድ ውስጥ ነው፣ ይመልስልኝ ትላለች አለችው። ሎጋው ፊቱን አዞረ። ብናኙን ሊያራግፍ ይሁን ሌላ፣ በክንዱ ዓይኑን ጠረገ።

«እመጣለሁ» አለ። «ለሷ ነው የምመጣው። ለአንቺ አይደለም።»

ወደ መንገድ ስትወጣ ቃሉ ጀርባዋ ላይ አብሯት ወጣ። መታፈርን ታውቀዋለች። መናቅንም ከእናቷ ተምራዋለች። ሰው እንዲህ እውነቱን ይዞ ሲቆጣት ግን የመጀመሪያዋ ነበር፤ ያስጠላታል ብላ የጠበቀችው ሰው ከመቼውም በላይ ናፈቃት።

*

በማግሥቱ መጣ። ፍንጭት ከትምህርት ቤት መልስ በክሊኒኩ ተራ መጠበቂያ ቁጭ ብላ እግሯን እያወዛወዘች ነበር። ስታየው ወንበሩ ጥግ ድረስ ሸሸች። ዓይኗን ሆዱ ላይ ተከለች።

ሎጋው ራቅ ብሎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «አልበላሁትም» አላት። «እሱ እኔ ነበርኩ።»

«ውሸታም።»

«ስትነግሪኝ የሰማሁት በነዚህ ነው» ብሎ ጆሮዎቹን ያዘ።

አተኩራ አየቻቸው። «ትንንሽ ናቸው።»

«ትንንሽ ናቸው። ግን ምንም አልወደቀብኝም።»

«እስቲ የነገርኩህን መልስ።»

በዚህ መሀል ባለሕንፃዋ ደረጃውን ወጥተው ገቡ። ወለሉ ላይ የተቀመጠውን ሰው ሲያዩ ፊታቸው ዳመነ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ አያስፈልጋቸውም። «ከሕንፃዬ ውጣ» አሉት።

ሎጋው ሊነሣ ሲል ሐኪሟ ከውስጠኛው ክፍል ጓንቷን ሳታወልቅ ወጥታ መሀል ቆመች። ወንበሩ ላይ ያለችው ታካሚ አፏን እንደከፈተች ቀርታለች።

«እማዬ፣ እሱ ከወጣ እኔም አብሬው ነው የምወጣው። ልጄንም ይዤ፣ ዕቃዬንም ይዤ።»

«ለዚህ ብለሽ?»

«አዎ። የምወደው ሰው ነው። ሰው እንዳያይብኝ ደብቄው ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን አልደብቀውም።»

ባለሕንፃዋ ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሷ ለኩዋት። የቀልድ ምልክት ፈለጉ፤ አላገኙም። ከዚያ እዚያው ተራ መጠበቂያው ወንበር ላይ እንደ ማንኛውም ታካሚ ቁጭ አሉ፤ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ ቦርሳቸውን አቅፈው።

ሎጋው ወደ ሐኪሟ አልዞረም። ወደ ልጅቷ ጠጋ አለ። ልጅቷም ፊቷን አኮሳትራ ጆሮዋን ሰጠችው። በሹክሹክታ ይመልስላት ጀመር። ቀስ አድርጎ፣ አንድ በአንድ፣ ምንም ሳያስቀር። ፍንጭት ጣቷን እያጠፈች ትሰማለች። አንዳንዴ ራሷን ትነቀንቃለች፣ አንዴ ደግሞ «ቀይ አይደለም፣ ሰማያዊ ነው ያልኩህ» ብላ አረመችው፣ እሱም እሺ ሰማያዊ አለ። ሐኪሟ ሹክሹክታቸው አይሰማትም። የሚታያት ርዝመቱ ብቻ ነው። ልጇ ሆድ ውስጥ ይህ ሁሉ ነገር ኖሮ፣ የሚሰማት አጥታ፣ ለማይናገር ዝሆን ስትሰጥ ኖራለች። ቅናትና እፍረት አንድ ላይ ያዟት።

ሎጋው ዝም ሲል ልጅቷ ጣቷን ተመለከተች።

«አንድ ቀረ» አለች።

«እሱን አልመልስም።»

«የኔ ነው። መልስ።»

«ገና አልጨረስኩትማ» አለ። «ሥራውን ሳልጨርስ እንዴት እመልሰዋለሁ?»

ፍንጭት ይህን አሰበችበት። ልክ መሰላት። ዳኛ የምትፈልግ ይመስል ወደ እናቷ ዞረችና፣ «እማዬን አስቃት ብዬው ነበር» ስትል ከሰሰችው።

ሐኪሟ በጓንቷ አፏን ሸፈነች። ሊሆን አልቻለም። እንባዋ ጓንቷን፣ ነጭ ጋውኗን፣ ሁሉንም አራሰው፤ ድምጿም ወጣ፤ በታካሚዋ ፊት፣ በእናቷ ፊት።

ፍንጭት ተነሥታ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሎጋው ላይ አፈጠጠች።

«አስቃት አልኩህ እንጂ አስለቅሳት አልኩህ?»

«አላልሽኝም» አለ ሎጋው።

ከዚያ ከቅዳሜው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ሐኪሟን አያት። ዓይኑ ውስጥ ይቅርታ አልነበረም፤ ቁጣው እንዳለ ነው፣ ድካሙም እንዳለ ነው። ግን አልሸሸም። ሐኪሟም እንባዋን ሳትጠርግ፣ እናቷ እያዩዋት፣ መልሳ አየችው፤ ያ የቆሰለ፣ የተቆጣ ዓይን ከእሷ ላይ እንዳይነሣ ብቻ በልቧ እየለመነች።